«ፍሪሲዮኑ አይለቅም»፦ ስለ መኪና ቃላት ስየማና ስለ ተዘነጋው ግሥ

ስለ ሙያ ቃላት በሚጻፉ ሂሶች ውስጥ አንድ የተለመደ አቤቱታ አለ። ይኸውም የጋራዡ አማርኛ በኢጣልያንኛ ቃላት ስለ ተጨናነቀ መጽዳት አለበት የሚለው ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ጓርኒሲዮን እየተባለ ዝርዝሩ ይቀርብና ከአጠገቡ ባዶ ዐምድ ይተዋል፤ የቃል አውጪውም ተግባር ያን ባዶ ዐምድ በአገር ቃል መሙላት ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። የመኪና አማርኛ ዋናው ጉድለት ያለው በስሞቹ ሳይሆን በግሦቹ ላይ ነው። ጉድለቱም ጐልቶ የሚታየው ፍሪሲዮን ተበላሽቶ በሚቀየርበት ቀን አይደለም፤ አዲሱ ከገባ በኋላ መኪናው እንደገና እንቢ ባለ ጊዜ ነው።

አንባቢው መካኒክ ላይሆን ስለሚችል የዕቃውን አሠራር ባጭሩ እናስታውስ። የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማ የሚደርሰው በካምቢዮ አማካይነት ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሆኖ ሁለቱን አንድ ጊዜ የሚያገናኝ፣ አንድ ጊዜ የሚለያይ ክፍል ፍሪሲዮን ይባላል። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከረው ከባድ የብረት መንኰራኵር ቮላኖ ነው። በቮላኖው ላይ ስፒንጂዲስኮ የሚባለው ክፍል በቡሎን ይታሰራል፤ በሁለቱ መካከል በሁለት ገጹ ሸራ የተለበጠ ዲስክ ይገባል። ስፒንጂዲስኮው በሞላ፣ ማለት ተጨምቆ በሚመለስ ብረት፣ ግፊት ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲዞር ዲስኩ፣ ዲስኩም ሲዞር የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ይዞራል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሪጂስፒንታ የተባለው ኩሽኔታ ሞላውን ይገፋል፤ ሞላው ሲገፋ ዲስኩ ከቮላኖው ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ማርሽ መቀየር ይቻላል። እንግዲህ የዕቃው የዕረፍት ጠባይ መያያዝ ነው፤ የሰው እግር የሚያመጣው መለያየትን ነው። ለኋላው ክርክር መሠረት ስለ ሆነ ይህ ነጥብ ልብ ይባልልን።

ምሳሌዎቻችንን በደቡብ ወሎ ከሐይቅ እስከ አምባሰል ባለው መንገድ ላይ የምናደርገው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው መልክዐ ምድሩ ነው። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ መቐለ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ አምባሰሏ ውጫሌ የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት፣ ጠመዝማዛም ነው። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ሲኖርበት ፍሪሲዮኑ ሜዳ ላይ ከሚገጥመው የበረታ ፈተና ይገጥመዋል። በሜዳ ላይ የሚሸፋፈን ጉድለት በዳገት ላይ ይገለጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪክ ነው። አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቢሆንም የመኪናው ቃላት በሕዝቡ መካከል የተዘሩት በአብዛኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣልያ ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ በቀሩት ጋራዦች አማካይነት ነው። ከአስመራ ተነሥቶ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና ኢጣልያኖች በዚያ ዘመን ሠሩት፤ በመንገዱ ላይ ከባድ መኪና ተጓዘ፤ ከከባዱ መኪና ጋር መካኒኩ፣ ከመካኒኩ ጋር ቃሉ መጣ። ወረራው አልፎ፣ የፊያቱ «ኤንትሬ» ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን ጭነት ሲያመላልስ ቃሉም ሥር ሰደደ። «ኤንትሬ» ራሱ በኢጣልያንኛ የተነበበ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር እንጂ ሌላ ትርጕም የለውም፤ ሆኖም ሲነገር የጭነቱን ክብደትና የሞተሩን ድምፅ የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው የለም። ቃል በሰው ዘንድ የሚከብረው በምንጩ ንጽሕና ብቻ አለመሆኑን ይህ አንዱ ማስረጃ ነው።

በርግጥ ሁሉም ከአንድ አገር አልመጣም። «ሹፌር»ና «ጋራዥ» የፈረንሳይኛ ናቸው። «ፍሬን» በድምፁ ከኢጣልያንኛው ይልቅ ለፈረንሳይኛው ይቀርባል። «ማርሽ» ደግሞ ድምፁ ፈረንሳይኛ፣ ፍቹ ኢጣልያንኛ ይመስላል፤ የካምቢዮን ጥርስ ደረጃ በዚህ ቃል የሚጠሩት ኢጣልያኖች ናቸውና። «ሞላ» ኢጣልያንኛ ሲሆን «ውሃው ሞላ» ከምንለው የአገር ግሥ ጋር በድምፅ አንድ ሆኗል፤ ነገር ግን ጋራዥ ውስጥ በዚህ የተነሣ የተሳሳተ ሰው ይኖራል ብለን አንገምትም።

ስለ ስሞቹ አመጣጥ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር ነው። ከእነዚህ ቃላት በርከት ያሉት በኢጣልያንኛ ከግሥና ከስም የተጣመሩ ናቸው። ስፒንጂዲስኮ «ዲስክ ገፊ» ማለት ነው። ሪጂስፒንታ «ግፊት ቻይ» ነው። የሞተር ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ፓራኦሊዮ «ዘይት ከልካይ» ነው። ፓራፋንጎ «ጭቃ ከልካይ»፣ ካቻቢቴም ብሎን የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ስሙን የሚሰማ ኢጣልያዊ ተለማማጅ በስሙ ውስጥ ያለውን ግሥ ይሰማል፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ሳይነገረው ከስሙ ይረዳል። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን ግሡ በውስጡ እንደ ተቀበረ ይቀራል። ስፒንጂዲስኮ የሚለውን ቃል በየቀኑ የሚጠራ የሐይቅ ጋራዥ ልጅ፣ ስሙ «ገፊ» የሚል መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ዕቃው በዕረፍት ጊዜ ዲስኩን የሚገፋ መሆኑን ከቃሉ ሳይሆን ከጌታው እጅ ይማራል።

እዚህ ላይ ቸኩሎ «እንግዲያው በአማርኛ እንሰይመው» ማለት ይቀላል። የአማርኛ ሰዋስው ለዚህ ሥራ የተመቸ መሆኑም አይካድም፤ መግፊያ፣ ማገጃ፣ ማጥበቂያ እያልን ከማናቸውም ግሥ የመሣሪያ ስም ማውጣት እንችላለን። ነገር ግን ለዋናው ዕቃ ለፍሪሲዮን ሊቀርቡ የሚችሉትን አማራጮች አንድ በአንድ እንይ። ኢጣልያንኛው ቃል በመሠረቱ ፍትጊያ ማለት ስለ ሆነ፣ በትምህርት ቤት ፊዚክስ የተለመደውን «ሰበቃ» መውሰድ ይቻል ይሆናል። ግን ሰበቃ የተፈጥሮ ሕግ ስም እንጂ የዕቃ ስም አይደለም፤ ፍሬንም በሰበቃ ይሠራል። ከዚህም በላይ «ሰበቃው ተቃጠለ» ቢባል ሰሚው ዕቃ ሳይሆን ጦር የሚሰብቅ ሰው ወደ ሐሳቡ ይመጣበታል። «አያያዥ» ብንለው ግማሹን ሥራ ብቻ ይነግራል። «አላቃቂ» ብንለው ሌላውን ግማሽ ብቻ ይነግራል። «አያያዥ አላቃቂ» ብንለው ደግሞ ሁለቱንም ይነግራል፤ ሆኖም መኪናው ዳገት ላይ ወደ ኋላ መንሸራተት በጀመረ ጊዜ ይህን ቃል አፉ የሚጨርስ ረዳት አይገኝም።

በአንጻሩ ሕዝቡ ራሱ ያወጣው «ሸራ» ምስጋና ይገባዋል። የዲስኩ ልባስ ሸራ መባሉ እንዲያው በዘፈቀደ አይመስለንም። የቀድሞዎቹ የፍሬንና የፍሪሲዮን ልባሶች በእርግጥም የተሸመኑ ነበሩ፤ በመጀመሪያ ከጥጥ፣ በኋላም ከአስቤስቶስ ክር። ዛሬ ልባሱ በአብዛኛው የተጨመቀ ድብልቅ ሆኖ ሳለ አማርኛው ያን የጥንቱን ሽመና በስሙ ይዞ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ቃል በኮሚቴ አይወለድም፤ ሲገኝ ግን መመዝገብ የቃላት ሠራተኛው ግዴታ ነው።

እንግዲህ ወደ ግሡ እንምጣ።

አማርኛ ከሌላ ቋንቋ ስም ሲዋስ አይቸገርም፤ ግሥ ሲዋስ ግን ይቸገራል። የአማርኛ ግሥ በሥርና በቅርጽ ላይ የቆመ ስለ ሆነ እንግዳ ግሥ በቀላሉ አይገባበትም፤ ሲገባም በአብዛኛው ስም ሆኖ «አደረገ» የሚል ምርኩዝ ይዞ ነው። «ፓርክ አደረገ» እንደ ማለት። በዚህ ምክንያት ከኢጣልያን መካኒክ ወደ አማርኛ ተናጋሪው የተሻገረው ስም ነው፤ ግሡ ከመንገድ ቀርቷል። ኢጣልያንኛ ፔዳል መርገጥን በአንድ ግሥ፣ ዲስክ መያያዝን ዛፍ ማዳቀልን በሚገልጽ ሌላ ግሥ፣ መንሸራተትን በሦስተኛ ግሥ ለይቶ ይናገራል። አማርኛው ስሙን ሲወስድ ለእነዚህ ሁሉ ከራሱ ቤት ሁለት ደጋግ ግሦች አቀረበ፤ ያዘና ለቀቀ።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ፍሪሲዮን የሚለው ስም በአነጋገር ሁለት ነገር ያመለክታል፤ ከመኪናው ሆድ ውስጥ ያለውን ዕቃና በሹፌሩ እግር ሥር ያለውን ፔዳል። መኪና አስተማሪ «ፍሪሲዮን ያዝ» ሲል ፔዳሉን ርገጥ ማለቱ ነው፤ «ቀስ ብለህ ልቀቅ» ሲልም እግርህን አንሣ ማለቱ ነው። ነገር ግን እግር ሲይዝ ዲስኩ ይለቃል፤ እግር ሲለቅ ዲስኩ ይይዛል። ከላይ እንዳልነው የዕቃው የዕረፍት ጠባይ መያያዝ ነውና። ስለዚህ አንዱ ግሥ በአንድ ቅጽበት ለሁለት ተቃራኒ ነገሮች ያገለግላል። ልዩነቱ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ በማወቅ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል፤ አማርኛም ባለቤቱን በግሡ ውስጥ አስገብቶ መተው የሚወድ ቋንቋ ነው።

መኪናው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ይህ አይጐዳም። አሁን ግን አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ የገባለት መኪና ከሐይቅ ጋራዥ ወጥቶ ወደ ውጫሌ ጉዞ ጀመረ እንበል። ጥቂት ሄዶ ችግር ይገጥመዋል፤ ሹፌሩም ይመለስና «ወንድሜ፣ ፍሪሲዮኑ አይዝም» ይላል። ምን ማለቱ ነው? ዲስኩ ቮላኖውን አይዝም፣ ማለት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይጐተትም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ፔዳሉን ስይዘው ሥራውን አይሠራም፣ ማርሽ አይገባልኝም ማለቱ ሊሆን ይችላል። «አይለቅም» ቢልም እንደዚሁ ነው፤ ዲስኩ አልላቀቅ ብሎ ማርሽ አይገባም፣ አለዚያም ፔዳሉ ተረግጦ አይመለስም።

እነዚህ ሁለት ፍቾች በሥራ ረገድ ተቃራኒ ናቸው። በካቦ የሚሠራ ፍሪሲዮን፣ ፔዳሉ ሪጂስፒንታውን ሳይነካ የሚሄዳት አጭር ባዶ ጉዞ ሊኖረው ይገባል። ባዶ ጉዞው ከበዛ እግር ወለሉን ቢነካም ዲስኩ ፈጽሞ አይላቀቅም፤ መፍትሔው ካቦውን ማጥበቅ ነው። ባዶ ጉዞው ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ እግር ባይኖርበትም ሪጂስፒንታው ሞላውን እየገፋ ይኖራል፣ ዲስኩ በሙሉ ኃይል አይያዝም፣ ይንሸራተታል፤ መፍትሔው ካቦውን ማላላት ነው። እንግዲህ ዲስኩ እየተንሸራተተ ሳለ «አይዝም» የሚለውን ቃል «ማርሽ አያስገባም» ብሎ የተረዳ መካኒክ ካቦውን ያጠብቃል። ያን ጊዜ መንሸራተቱ ይብሳል፤ መኪናው የሚቀጥለውን ዳገት ሳይጨርስ አዲሱ ሸራ መቃጠል ይጀምራል፤ ሽታውም ከኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይደርሳል። ካምቢዮ አውርዶ መስቀል የአንድ ቀን ጕልበት ነው፤ ሸራ ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ነው። ይህ ሁሉ የባከነው ባንዲት ግሥ የተነሣ ነው። መካኒኩ ሰነፍ አልነበረም፤ ሹፌሩም አልዋሸም።

አንድ ሰው «ልምድ ያለው መካኒክ መኪናውን ራሱ ፈትኖ ይለያል እንጂ በቃል ብቻ አይሠራም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እውነት ነው፤ ፈተናውም አስቸጋሪ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሽ በቀላሉ ገብቶ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን እንቢ ካለና ኋላ ማርሽ ጥርሱን የሚያፋጭ ከሆነ ዲስኩ አልተላቀቀም። በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ብቻውን ፈጥኖ መኪናው የማይከተል ከሆነ ዲስኩ ይንሸራተታል። ነገር ግን ቃል የሚያስፈልገው መኪናውና መካኒኩ በማይገናኙበት ጊዜ ነው። ሹፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ በስልክ ሲናገር፣ ረዳቱ መለዋወጫ ለመግዛት ወደ ደሴ ሲላክ፣ መምህሩ በሙያ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተርጓሚው የጥገና መምሪያ ወደ አማርኛ ሲመልስ ያለው መሣሪያ ቃሉ ብቻ ነው።

ፍሪሲዮን ከተቀየረ በኋላ የሚመጡት ችግሮች ከድሮ ሸራ እርጅና የተለዩ ስለ ሆኑ ቃሉን ይበልጥ ይፈትኑታል። ዲስኩ ተገልብጦ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የዲስኩ እምብርት በአንድ ወገን ስለሚወጣ ከተገለበጠ ከቮላኖው ጋር ይገጫል፣ አይላቀቅም። ካምቢዮው ሲሰቀል ክብደቱ በዲስኩ ላይ አርፎ ዲስኩን አጣሞት ሊሆን ይችላል። የዲስኩ ጥርሶች በካምቢዮው ዘንግ ላይ እንደ ልብ አልሄድ ብለው ሊሆን ይችላል፤ በቮላኖው መካከል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ተነክሳም ዘንጉን አብራ ልታዞረው ትችላለች። በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ በፖምፓው መስመር ውስጥ አየር ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ይላላል፣ ደጋግመው ሲረግጡት ግን ለጊዜው ይሻሻላል። ይህ ሁሉ የአለመላቀቅ ወገን ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ሸራው ሲገባ በዘይት የተነካ እጅ ነክቶት፣ ወይም አሮጌው ፓራኦሊዮ ሳይቀየር ቀርቶ ዘይት እያንጠባጠበበት፣ ወይም የተቃጠለው ቮላኖ ሳይላግ አዲሱ ሸራ ተጭኖበት ይሆናል፤ እነዚህ የመንሸራተትና የመንገጫገጭ ምክንያቶች ናቸው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን ድንበር የሚያሠምረው ግሡ ነው። ሁሉም ክፍሎች ስም አላቸው፤ የጠፋው እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን ለይቶ የሚናገር ቃል ነው።

በዚህ ረገድ የአምባሰል ምድር ለተርጓሚ የተለየ ትርጕም አላት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ ጠብ ያስነሣው በምንድን ነው? በአማርኛውም በኢጣልያንኛውም ዋናዎቹ ስሞች ይገጣጠማሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱና የኢጣልያ መንግሥት በሁለቱም ቋንቋ አሉ። ስሞቹን ብቻ በሁለት ዐምድ አስፍሮ የሚያስተያይ መርማሪ የጠቡን ምክንያት አያገኝም ነበር። ልዩነቱ በግሡ ላይ ነበር። አማርኛው «ይቻላቸዋል» ብሎ ፈቃዱን ለንጉሡ ሲተው፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገውና ኢጣልያ ከዚያ ተነሥታ የሞግዚትነት መብት አለኝ አለች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተቈረጠ። የመንግሥታትን ውልና የመኪናን ሸራ ማስተካከላችን አይደለም። ሆኖም በዚያው መንገድ፣ በእነዚያው ሁለት ቋንቋዎች መካከል፣ ስሙ ተሻግሮ ግሡ መቅረቱን የቃላት ሠራተኛ እንደ እንግዳ ነገር ሊያየው አይገባም።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለ በኋላ፣ በሙያ ቃላት ረገድ የተደከመው ድካም ቀላል አይደለም። እንዲያም ሆኖ የስየማ ሥራ በባሕርዩ ስም ይወዳል። ስም ይቈጠራል፣ በፊደል ተራ ይሰለፋል፣ ከጐኑ አቻው ሲጻፍ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ግሥ ግን ባለቤትና ተሳቢ ሳይጠራ ፍቹ አይታወቅም፤ ስለዚህ በሁለት ዐምድ ዝርዝር ውስጥ ቦታ አያገኝም። በእኛ አስተያየት የሙያ ቃላት ዝርዝር ከዐረፍተ ነገር ጋር ካልቀረበ ግማሽ ሥራ ነው።

ለጥገና መምሪያ ተርጓሚዎችም አንድ ነቀፌታ አለን። የተለመደው የመምሪያ አማርኛ ትእዛዙን ሁሉ በተገብሮ ያቀርባል፤ ፔዳሉ ይረገጥ፣ ፍሪሲዮኑ ይለቀቅ፣ ካቦው ይጥበቅ ይላል። ይህ አጻጻፍ ጨዋነት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን አድራጊውን ስለሚደብቅ አስቀድሞ የተደበላለቀውን ግሥ ጨርሶ ያጨልመዋል። «ፍሪሲዮኑ ይለቀቅ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ እግሩን ያንሣ ወይስ ፔዳሉን ረግጦ ዲስኩን ያላቅቅ? ሁለቱም ንባብ ሰዋስዋዊ ነው። «እግርህን ከፔዳሉ አንሣ» ቢባል ግን ጥርጣሬ አይኖርም። ትእዛዝ ለሁለተኛ መደብ ሲሰጥ ክብር ይቀንሳል የሚል ሰው ካለ «ያንሡ» ማለት ይችላል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከእንግሊዝኛ የመጣው «ክላች» ከፍሪሲዮን ጐን ቆሟል። በሙያ ትምህርት ቤት የተማረው ወጣት ክላች ይላል፤ በጋራዥ ያደገው ፍሪሲዮን ይላል፤ መለዋወጫ ሻጩ ለሁለቱም ያንኑ ካርቶን ያወርዳል። ስም ሲደራረብ ጉዳቱ ይህን ያህል ነው። ይሁን እንጂ ክላች የሚለውም ቢሆን «ክላች ያዝ»፣ «ክላች ልቀቅ» እየተባለ ያንኑ አሮጌ ችግር ወርሷል። ስሙን መለወጥ ግሡን እንደማያድን ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

የምናቀርበው ሐሳብ አዲስ ቃል መፍጠር አይደለም። በቋንቋው ውስጥ ያሉት ግሦች ሥራቸው ይለይ ነው የምንለው። የእግሩን ሥራ «ረገጠ»ና «እግሩን አነሣ» ይግለጹት። የዲስኩን ሥራ «ያዘ»ና «ተላቀቀ» ይግለጹት፤ ባለቤቱም ዘወትር በስሙ ይጠራ፤ ዲስኩ ቮላኖውን ያዘ፣ ዲስኩ ከቮላኖው ተላቀቀ እንደ ማለት። «ለቀቀ»ን ሆን ብለን ከዲስኩ አውጥተነዋል፤ በአስተማሪውና በሹፌሩ አፍ ለእግር ስለ ተሰጠ ከዚያ ማስወጣት አይቻልም። ያልተሟላ መያዝን «ተንሸራተተ» ደኅና አድርጎ ይናገራል። ሲይዝ መኪናው የሚዘልና የሚርገፈገፍ ከሆነ «ተንገጫገጨ» አለልን። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ፍሪሲዮን ሲመዘገብ ፍቹ በሁለት ተከፍሎ፣ አንደኛው ዕቃው፣ ሁለተኛው ፔዳሉ ሆኖ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የሚስማሙት ግሦች መሰለፍ አለባቸው። «ፍሪሲዮን ያዘ» የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው ተብሎ አይዘለል፤ ከሁለተኛው ፍች ሥር «ፔዳሉን ረገጠ» ተብሎ ይፈታ፣ ጥንቃቄም ይጻፍበት። መዝገበ ቃላት ሰው የሚናገረውን ትቶ ሊናገር የሚገባውን ብቻ ሲጽፍ የሚያነበው ሰው ያጣል።

በድምፅ ረገድ ግን አማርኛ ከአስተማሪዎቹ ቋንቋዎች የሚበደረው ነገር ያለ አይመስለንም። ፔዳል ሲረገጥ የሚያፏጭ ሪጂስፒንታ፣ እግር ሲነሣ የሚያጓራ ካምቢዮ፣ ሲጥ ሲጥ የሚል የፔዳል ዘንግ፣ ጥርሱን የሚያፋጭ ማርሽ፣ ዷ ብሎ የሚገባ ማርሽ፣ እነዚህ ሁሉ ለመካኒክ የምርመራ ውጤት ናቸው። ጩኸቱ ፔዳሉ ሲረገጥ ከመጣ ሪጂስፒንታው፣ እግር ሲነሣ ከመጣና ሲረገጥ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ሆኖም በ«አለ» የሚረቡት እነዚህ የድምፅ ቃላት እንደ ተራ ጨዋታ እየተቈጠሩ ከሙያ ዝርዝር ይቀራሉ። ማንም የሙያ ቃል ሰብሳቢ ወደ ጋራዥ ሲሄድ የክፍሎቹን ስም ከመጠየቁ በፊት «ምን ይላል?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መዝገብ ይዞ ይመለሳል።

አምባሰል ስሟን ለቅኝት የሰጠች አገር መሆኗን የሚያውቅ አንባቢ፣ የካቦውን ባዶ ጉዞ ማስተካከልን «ቃኘ» ብንለው ምን ይመስላችኋል ይለን ይሆናል። የክራር ጅማት ሳይላላም ሳይከርም ትክክለኛ ቦታው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ቃኘ ከተባለ፣ ካቦም ያው ጅማት ነው። ሐሳቡ ያምራል። ነገር ግን በጋራዥ እንዲህ ሲባል ሰምተን አናውቅም፤ ቆንጆ ስለ ሆነ ብቻ ቃል ማስረግ ከላይ የነቀፍነውን ሥራ መሥራት ስለሚሆን እናልፈዋለን።

አንድ ጉዳይ ይቀራል። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በወሎ ከተሞች ከገባ ወዲህ ፍሪሲዮኑ በእግር ሥር ሳይሆን በግራ እጅ መሪው ላይ ሆኗል። በእጅ የሚሠራን ዕቃ «ረገጠ» ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ለእግር የወሰነው ግሥ እዚህ ላይ አይሠራም። ለእጁ «ጨበጠ»ና «ጭብጡን ፈታ» የሚሉት ይስማማሉ ብለን እናስባለን፤ «ለቀቀ» ግን በዚህም ቢሆን ከሹፌሩ አፍ አይጠፋም። በመዝገቡ የሁለተኛው ፍች ሥር «ፔዳሉ» ብቻ ሳይሆን «ፔዳሉ ወይም የእጅ መጨበጫው» ተብሎ ይጻፍ፤ የዲስኩ ግሦች ግን በሁለቱም ተሽከርካሪዎች ያው ያዘና ተላቀቀ ናቸው።